የሊድስን ማዘጋጃ ቤት የነደፈው ካትበርት ብሮድሪክ
(1821—1905 ዓ.ም.)

የነገሥታትንና የጦር አለቆችን ታሪክ ሁላችንም በትምህርት ቤት እንማራለን። ቤት ሠርተው ያለፉትን ሰዎች ግን የምናስታውስ ጥቂቶች ነን። ይሁን እንጂ መንገደኛ ወደ አንድ ከተማ በገባ ጊዜ አስቀድሞ በዓይኑ የሚያየው የመሐንዲሱን፥ የጠራቢውንና የግንበኛውን ሥራ ነው። ከተማው ሀብታም ወይም ድኻ፥ ትጉህ ወይም ሰነፍ መሆኑን የሚፈርደውም በዚሁ ነው።

በእንግሊዝ አገር በስተሰሜን፥ ዮርክሻየር በሚባለው ግዛት ውስጥ፥ ሊድስ የተባለ ትልቅ የንግድና የፋብሪካ ከተማ አለ። በዚህ ከተማ መካከል ቆመው የሚታዩት ማዘጋጃ ቤቱ፥ የእህል ገበያ አዳራሹና የሠራተኞች ትምህርት ቤት የነበረው ሕንፃ ሦስቱም የተነደፉት በአንድ ሰው እጅ ነው። ይህ ሰው ካትበርት ብሮድሪክ ይባላል። ከዚህ ቀጥሎ የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ እጽፋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲያስታውሱልኝ እለምናለሁ።

ልደቱና ትምህርቱ

ካትበርት ብሮድሪክ በዲሴምበር 1 ቀን 1821 ዓ.ም. ሐል በምትባለው የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ መርከቦች የነበሩት ባለጸጋ ነጋዴ ነበረ። ስለዚህ ልጁ በልጅነቱ ችግር አላየም። ቢፈልግ ኖሮ በአባቱ ንግድ ገብቶ በሰላም ሊኖር ይችል ነበር። እርሱ ግን ከመርከብና ከሸቀጥ ይልቅ እርሳስና ወረቀት ወደደ።

በዚያ ዘመን የሕንፃ ሥራ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ እንደ ዛሬው አልተስፋፋም ነበር። ሙያውን ለመማር የሚፈልግ ወጣት ስሙ በታወቀ መሐንዲስ ዘንድ በውል ገብቶ፥ እያገለገለ፥ እየገለበጠና እየለካ ይማር ነበር። ብሮድሪክም በ1837 ዓ.ም.፥ ገና 16 ዓመት ሳይሞላው፥ በሐል ከተማ ሄንሪ ፍራንሲስ ሎክዉድ በተባለው መሐንዲስ ዘንድ ገባ። እዚያም ሰባት ዓመት ያህል ተቀመጠ። ሰባት ዓመት የሌላውን ሰው ፕላን መገልበጥ ቀላል ትዕግሥት የሚጠይቅ አይደለም። ነገር ግን እጁ የጸናው፥ ዓይኑም የተከፈተው በዚሁ ጊዜ ነው።

በ1844 ዓ.ም. ትምህርቱን ሲፈጽም ወደ ፈረንሳይና ወደ ኢጣልያ ለጉብኝት ሄደ። በመጽሐፍ ያየውን ሁሉ በቦታው ቆሞ አየው። በሮም የጥንት ሰዎች የተዉአቸውን ዓምዶች፥ በፓሪስም አዲሶቹን ታላላቅ ሕንፃዎች ተመለከተ፤ ንድፋቸውንም እየሣለ ያዘ። በተለይ ፓሪስ ከልቡ አልወጣችም። ይህ ፍቅር በኋላ ኑሮውን እንዴት እንደ ለወጠው ወደ ፊት እናያለን።

በ1845 ዓ.ም. ወደ ሐል በተመለሰ ጊዜ መምህሩ ሎክዉድ አብሮት በሽርክና እንዲሠራ ጠየቀው። ብሮድሪክ ግን አመስግኖ እምቢ አለና የራሱን ቢሮ ከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያገኘው ሥራ አነስተኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን በሐል ከተማ የሳይንስና የመጻሕፍት ማኅበሮች የሚሰበሰቡበትን ሮያል ኢንስቲትዩሽን የተባለውን ባለ ዓምድ ሕንፃ ለመሥራት ተመረጠ። ስሙም በአውራጃው መታወቅ ጀመረ።

የሊድስ ከተማና ውድድሩ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ሊድስ በሱፍ ጨርቅ፥ በተልባ እግር ክርና በመኪና ሥራ የታወቀ ከተማ ነበረ። በ1851 ዓ.ም. የሕዝቡ ቍጥር 172,000 ያህል ደርሶ ነበር። ሀብቱ ብዙ፥ ጭሱም ብዙ፥ ችግሩም ብዙ ነበር። የፋብሪካ ሠራተኞች በጠባብ ግቢ ውስጥ ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። በ1849 ዓ.ም. የገባው የኮሌራ በሽታ ከ2,000 የሚበልጥ ሰው ገደለ። ከተማው ይህን ያህል ሲያድግ የምክር ቤቱ አባሎች የሚሰበሰቡበት፥ ዳኞች የሚያስችሉበት፥ ሕዝቡም የሚገናኝበት በቂ ቦታ አልነበረውም።

ስለዚህ አንድ ማዘጋጃ ቤት እንዲሠራ ታሰበ። በመጀመሪያ ገንዘቡን ከነዋሪዎች በአክሲዮን ለመሰብሰብ ተሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን የሚበቃ ገዢ አልተገኘም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው፥ ምክር ቤቱ ወጪውን በከተማው ግብር ሸፍኖ ሊሠራው ቈረጠ። ጎረቤቱ ብራድፎርድ በዚያው ጊዜ ትልቅ የሕዝብ አዳራሽ ያሠራ ስለ ነበረ፥ የሊድስ ሰዎች ከእነርሱ አንሰን አንታይም የሚል እልህ አድሮባቸው ነበር። የብራድፎርድን አዳራሽ የሚሠሩት ሎክዉድና ባልደረባው ሞሰን ነበሩ። ይህ ሎክዉድ የብሮድሪክ መምህር የነበረው ነው።

በ1852 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ለመሐንዲሶች ውድድር አወጣ። ለአንደኛ 200 ፓውንድ፥ ለሁለተኛ 100 ፓውንድ፥ ለሦስተኛ 50 ፓውንድ ሽልማት ተመደበ። በአማካሪነት የተጠሩት በለንደን የእንግሊዝን ፓርላማ ሕንፃ ያሠሩ የነበሩት ሰር ቻርልስ ባሪ ናቸው። አሥራ ስድስት ፕላኖች ቀረቡ። ውጤቱ ሲታወቅ አንደኛ የወጣው የ31 ዓመቱ ብሮድሪክ፥ ሁለተኛ የወጡት ሎክዉድና ሞሰን ሆኑ። ተማሪው መምህሩን ቀደመው ማለት ነው።

የምክር ቤቱ አባሎች ግን ደስታቸው ከፍርሃት ጋር ነበር። ይህን ያህል ትልቅ ሕንፃ ሠርቶ የማያውቅ ወጣት የግብር ከፋዩን ገንዘብ ቢያጠፋው ማን ይጠየቃል ብለው ተጨነቁ። ስለዚህ ሰር ቻርልስ ባሪን በዚህ ወጣት ላይ እምነት መጣል ይቻል እንደ ሆነ ጠየቁአቸው። እርሳቸውም ያለ አንዳች ሥጋት ሊታመን እንደሚችል አረጋገጡላቸው። አንድ የታወቀ ሊቅ ስለ አንድ ያልታወቀ ወጣት እንዲህ ብሎ መመስከሩ ታላቅ ነገር ነው። ያ ምስክርነት ባይገኝ ኖሮ ሥራው ለሌላ ሊሰጥ ይችል ነበር።

የሰዓት ማማው ክርክር

የመሠረቱ ድንጋይ በኦገስት 17 ቀን 1853 ዓ.ም. ተጣለ። ሕንፃው እንደ ጥንት የሮማውያን ቤተ መቅደስ ከፍ ባለ መሠረት ላይ የሚቆም፥ ዙሪያውን በረጃጅም ዓምዶች የተከበበ ነው። በመካከሉ ቪክቶሪያ አዳራሽ የሚባለው ትልቅ የሕዝብ አዳራሽ አለ። የዚህ አዳራሽ ርዝመቱ 49 ሜትር፥ ወርዱ 22 ሜትር፥ ከፍታውም 23 ሜትር ያህል ነው። በአራቱ ማዕዘን ደግሞ ለምክር ቤት፥ ለፍርድ ቤቶች፥ ለከንቲባውና ለፖሊስ የሚሆኑ ክፍሎች ተደለደሉ። ከሥር የእስረኞች ክፍል ነበረ። እንግዲህ ከላይ ሙዚቃ የሚሰማበት፥ ከታች ወንጀለኛ የሚታሰርበት፥ በመካከል ሕግ የሚነገርበት ቤት ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን ከተማውን ከሁሉ ይልቅ ያነታረከው ነገር ማማው ነው። በመጀመሪያው ፕላን ውስጥ ታላቁ የሰዓት ማማ አልነበረም። ብሮድሪክ ግን ሕንፃው ያለ ማማ ራስ እንደሌለው አካል እንደሚሆን አምኖ ንድፉን አቀረበ። ከ1853 እስከ 1856 ዓ.ም. ድረስ ምክር ቤቱ በዚህ ነገር ተከራከረ። የሚቃወሙት አባሎች ማማ ክፍል የለውም፥ ስብሰባ አይደረግበትም፥ ሰው አይኖርበትም፤ ታዲያ የድኻው ግብር ለምን በከንቱ ድንጋይ ላይ ይፈስሳል ይሉ ነበር። ይህ አነጋገር እንዲያው የሚናቅ አይደለም። ከጥቂት ዓመት በፊት ከሁለት ሺህ በላይ ሰው በወረርሽኝ ያለቀበት ከተማ ነውና።

ማማውን ከደገፉት ሰዎች ዋናው ዶክተር ጆን ዲኪን ሂተን የተባሉ ሐኪም መሆናቸው ያስደንቃል። ሐኪም እንደ መሆናቸው የከተማውን በሽታና ችግር ያውቁ ነበር። ሆኖም በጭስና በጭቃ መካከል ለሚኖር ሕዝብ ከኑሮው ከፍ ብሎ የሚታይ፥ የራሱ የሆነ አንድ የተዋበ ነገር ያስፈልገዋል የሚል አሳብ ነበራቸው። ሀብታም ሰው ውበትን ከፈለገ በቤቱ ያሠራል፥ ሥዕልም ይገዛል፤ ድኻው ግን ከከተማው አደባባይ በቀር የሚያይበት የለውም። በመጨረሻ በ1856 ዓ.ም. ማማው እንዲሠራ ተወሰነ። ከፍታው 225 ጫማ፥ ማለት 69 ሜትር ያህል ነው።

ሥራው ያለ መከራ አልተፈጸመም። ብሮድሪክ በድንጋዩና በጥርቡ ላይ ጥንቁቅና አስቸጋሪ ሰው ነበር፤ ያልወደደውን አይቀበልም ነበር። ተቋራጩ ሳሙኤል አታክ ዋጋውን አነስተኛ አድርጎ ስለ ተዋዋለ በ1857 ዓ.ም. ከሠረና ሥራው ሳያልቅ ወደቀ። በመጀመሪያ ከ39,000 ፓውንድ እንዳያልፍ ታስቦ የነበረው ወጪም ከ120,000 ፓውንድ በላይ ሆነ። የአንድ ሕንፃ ታሪክ ሲነገር የከሠረው ተቋራጭና ግብሩን የከፈለው ሕዝብ አብረው መታሰብ ይገባቸዋል።

በሴፕቴምበር 7 ቀን 1858 ዓ.ም. ንግሥት ቪክቶሪያ ከባለቤታቸው ከልዑል አልበርት ጋር መጥተው ማዘጋጃ ቤቱን መርቀው ከፈቱ። ከተማው በሙሉ በባንዲራና በአበባ አጊጦ ነበር። ዉድሃውስ ሙር በተባለው ሰፊ ሜዳ ላይ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ተሰልፈው ለንግሥቲቱ ዘመሩ። በአዳራሹም ውስጥ ንግሥቲቱ ለከንቲባው ለፒተር ፌርቤርን የሰርነት ማዕርግ ሰጡአቸው። በዚያው ሰሞን ትልቅ የሙዚቃ በዓል ተደረገ። በበሩ ፊት ተኝተው የሚታዩት አራት የድንጋይ አንበሶች ኋላ በ1867 ዓ.ም. የተጨመሩ ሲሆኑ፥ የቀረጻቸውም ዊልያም ኪዎርዝ የተባለ የሐል ሰው ነው።

የእህል ገበያውና ሌሎች ሥራዎቹ

ብሮድሪክ ከዚህ በኋላ የሠራው የሊድስ የእህል ገበያ አዳራሽ ብዙ ሊቃውንት ከማዘጋጃ ቤቱ የማያንስ ሥራ ነው ይላሉ። በ1861 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1863 ዓ.ም. ተከፈተ። ማዘጋጃ ቤቱ በዓምድና በቅርጽ ያጌጠ ሲሆን፥ የእህል ገበያው ግን ጌጡ ራሱ ግድግዳው ነው። ቅርጹ እንደ እንቍላል ሞላላ ነው። የውጭው ድንጋይ እያንዳንዱ እንደ አልማዝ ፊት ሾጠጥ ተደርጎ ስለ ተጠረበ ፀሐይ ሲያርፍበት ብርሃንና ጥላ ይፈራረቁበታል።

የዚህ ቤት ጥበብ ግን በጣራው ላይ ነው። በዚያ ዘመን ገበሬና ነጋዴ እህሉን ሁሉ ጭነው አይመጡም ነበር። በትንሽ ከረጢት ናሙና ይዘው ይመጣሉ፤ ገዢው እፍኝ ዘግኖ፥ ቀለሙን አይቶ፥ በጥርሱ ሰብሮ ዋጋ ይቈርጣል። ስለዚህ በአዳራሹ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ብርሃን ነው። ፀሐይ በቀጥታ ከገባች እህሉ ከሆነው ይልቅ ወርቃማ መስሎ ገዢውን ያታልላል፤ ጨለማ ከሆነም ጥሩው መጥፎ ይመስላል። ብሮድሪክ ይህን ዐውቆ በብረት አጥንቶች በተሠራው ሞላላ ጕልላት ላይ ትልቁን መስተዋት ወደ ሰሜን አዞረው። በእንግሊዝ አገር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ፥ ከሰሜን የሚገባው ብርሃን ከጠዋት እስከ ማታ የማይለዋወጥ ለስላሳ ብርሃን ነው። በዚህም ዘዴ ሻጭና ገዢ በአንድ ዓይነት ብርሃን የሚገበያዩበት ቤት ሠራ። የጕልላቱን አሳብ ያገኘው በፓሪስ ከነበረው ክብ የእህል ገበያ ነው። በዙሪያውም ለነጋዴዎች ቢሮ የሚሆኑ ከሃምሳ የሚበልጡ ክፍሎች በሁለት ደርብ ተደረደሩ።

ከ1865 እስከ 1868 ዓ.ም. ደግሞ ሠራተኞች ከሥራ በኋላ የሚማሩበትን የሊድስን ሜካኒክስ ኢንስቲትዩት ሠራ። በስካርበራ ከተማ በባሕር ዳር ገደል ላይ ያለውንም ግራንድ ሆቴል የነደፈው እርሱ ነው። ይህ ሆቴል በ1867 ዓ.ም. ሲከፈት በኤውሮፓ ካሉት ትላልቅ ሆቴሎች አንዱ ነበር። የሆቴሉ አሠራር ዓመትን እንዲያስታውስ ታስቦ ነው ይባላል፤ ይኸውም አራቱ ማማዎች የአራቱ ወቅቶች፥ 12ቱ ደርቦች የወሮች፥ 52ቱ የጭስ መውጫዎች የሳምንቶች፥ 365ቱ መኝታ ክፍሎች ደግሞ የቀኖች ምሳሌ ናቸው። ለትውልድ ከተማው ለሐልም ከ1862 እስከ 1866 ዓ.ም. አንድ ማዘጋጃ ቤት ሠርቶላት ነበር።

ሥራውን መተዉና መጨረሻው

ይህን ሁሉ የሠራ ሰው ዕድሜውን በሙሉ በሙያው ላይ ያሳልፋል ተብሎ ሊታሰብ ይችላል። የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1866 ዓ.ም. በለንደን ለብሔራዊው የሥዕል ቤት በተደረገው ውድድር ተጋብዞ ፕላን ቢያቀርብም ሥራው አልተሰጠውም። በሌሎች ከተሞች የገባባቸውም ውድድሮች አልቀኑለትም። እንግሊዞች በዚያን ጊዜ የሮማውያንን ዓምድ ትተው ወደ ጎቲክ አሠራር ያዘነብሉ ስለ ነበር፥ የእርሱ ስልት እያረጀ ሄደ። በ1870 ዓ.ም. ግድም፥ ገና 50 ዓመት ሳይሞላው፥ ቢሮውን ዘግቶ በወጣትነቱ ወደ ወደዳት ወደ ፓሪስ ሄደ። ኋላም በፓሪስ አጠገብ ለ ቬዚኔ በምትባል ስፍራ ተቀምጦ ሥዕል እየሣለና አትክልት እየኰተኰተ ኖረ። ሌላ ታላቅ ሕንፃ አልሠራም።

በሸመገለ ጊዜ በ1890ዎቹ መጨረሻ ከፈረንሳይ ተነሥቶ በመካከሉ ወዳለችው ወደ ጀርዚ ደሴት ተሻገረ። እዚያም ጎሪ በምትባል መንደር በማርች 2 ቀን 1905 ዓ.ም. በ83 ዓመቱ ዐረፈ። ከሊድስ ከወጣ 35 ዓመት ያህል ሆኖት ስለ ነበር፥ በማማው ሥር ዕለት ዕለት የሚያልፉት ሰዎች ብዙዎቹ ስሙን ረስተውት ነበር።

ሕንፃዎቹ ከዚያ ወዲህ

ከሰውየው ሞት በኋላ የሥራዎቹ ዕጣ እንደ ሰው ዕድል የተለያየ ሆነ። ነቢይ በአገሩ አይከበርም እንደሚባለው፥ የትውልድ ከተማው ሐል ማዘጋጃ ቤቱ ጠበበኝ ብላ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አፍርሳ በቦታው ሌላ ሠራች። ከራሱ ላይ የነበረው ትንሽ ጕልላት ብቻ ተነሥቶ ፒርሰን ፓርክ በተባለው መናፈሻ ውስጥ በሣር ላይ ቆሟል። እዚያው ሐል የነበረው ሮያል ኢንስቲትዩሽን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፥ በ1943 ዓ.ም.፥ በአይሮፕላን ቦምብ ጠፋ። በሊድስ ሠርቶት የነበረው የምሥራቅ አገር ስልት ያለው የመታጠቢያ ቤት በ1969 ዓ.ም. ፈረሰ።

የሊድሶቹ ሦስት ታላላቅ ሕንፃዎች ግን ተረፉ። የተረፉትም ድንጋያቸው ጠንካራ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱ በ1941 ዓ.ም. ቦምብ ወድቆበት ተጎድቶ ነበር፤ ግን ተጠገነ። የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት በ1933 ዓ.ም. ወደ ሌላ ሕንፃ ሲዛወር፥ ፍርድ ቤቶቹም በ1993 ዓ.ም. ሲወጡ፥ አዳራሹ የሙዚቃና የስብሰባ ቤት ሆኖ ቀጠለ። በፋብሪካ ጥቀርሻ ጠቍሮ የነበረው ግድግዳም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ታጠበ። የእህል ንግዱ ሲቀዘቅዝ ባዶ ቀርቶ የነበረው የእህል ገበያ በ1990 ዓ.ም. ግድም ታድሶ የሱቆች ቤት ሆነ። ሜካኒክስ ኢንስቲትዩቱም በ1949 ዓ.ም. ቴያትር ቤት፥ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ የከተማው ቤተ መዘክር ሆነ። እንግዲህ ሕንፃን ከመፍረስ የሚያድነው ትዝታ ብቻ ሳይሆን አዲስ ሥራ መስጠት ነው። ቤት ሰው ካልገባበት ይፈርሳል፤ ይህን ማንም አባወራ ያውቀዋል።

ከዚህ ታሪክ የምናገኘው

ከዚህ ሰው ኑሮ የምንማረው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ሦስቱን ብቻ አነሣለሁ። መጀመሪያ፥ ብሮድሪክ በ31 ዓመቱ ያሸነፈው በዕድል ብቻ አይደለም፤ ሰባት ዓመት በሰው ቢሮ ወረቀት ሲገለብጥ ስለ ታገሠ ነው። ሁለተኛ፥ ወጣትን የሚያምን ሽማግሌ ያስፈልጋል። ሰር ቻርልስ ባሪ ባይመሰክሩለት ኖሮ ሊድስ ሌላ መልክ ይኖራት ነበር። ስለዚህ ይህ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎች ብቻ ሳይሆን ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችንም ጭምር የተጻፈ ነው።

ሦስተኛው የማማው ነገር ነው። ገንዘቡ ለድኻው ይዋል ያሉት ሰዎች ክፋት አልተናገሩም። ውበትም ለድኻው ይገባዋል ያሉት ሐኪም ደግሞ አልተሳሳቱም። አንድ ከተማ ሁለቱንም ድምፅ ሊሰማ ይገባዋል፤ ንጹሕ ውሃና ጤናማ ቤት ለሕዝቡ ሳይሰጥ ማማ ብቻ የሚሠራ ከተማ ያፍራል፤ ለሕዝቡ የሚታይና የሚወደድ የጋራ ነገር የማይሠራ ከተማም ድኻ ሆኖ ይቀራል። በሊድስ የተከራከሩት ሁሉ አልፈዋል፤ ተቋራጩም፥ ከንቲባውም፥ ንግሥቲቱም፥ ብሮድሪክም የሉም። ክርክር የተደረገበት ማማ ግን ከ160 ዓመት በላይ ቆሞ ለሀብታሙም ለድኻውም ያለ ልዩነት ሰዓቱን ሲነግር ኖሯል።